ቀፊራ በስንት ሰዓት ትጠየቃለች?

የጤና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ርዕስ በሚያስገቡበት ሰሞን ከአማካሪዎች ጠረጴዛ የማይጠፋ አንድ ርዕስ አለ፤ «በእንትን ከተማ በሚኖሩ የተገለሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች ዘንድ የአእምሮ ጤና መታወክ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች»። የከተማው ስም ይቀየራል፤ የቀረው እንዳለ ይገለበጣል። እንዲህ ስል ማላገጤ አይደለም። ተማሪውን ወደዚህ ርዕስ የሚገፋው ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ ነገር ነው፤ ጓሮ ታስሮ የኖረ አጎት፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመች እህት፣ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ የሚያልፈው፣ ስሙን ግን ጠይቆት የማያውቅ የጎዳና ሰው። ፍላጎቱ ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ የሚመጣው መጠይቁ ተባዝቶ፣ ወረቀቱ ታቅፎ ከግቢ ሲወጣ ነው።

በዚህ ምዕራፍ አንዲት ተማሪ ተከትለን ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ እንገባለን። ተማሪዋ በእውን ያለች ሰው አይደለችም፤ እንዲህ ያለ ጥናት የሚሠሩትን የሚገጥማቸውን ሁሉ እንድትሸከምልኝ የፈጠርኳት ናት። ገበያው ግን እውነተኛ ነው፤ የምጠቅሳቸው ጥናቶችም እንዲሁ።

ድሬን ደቻቱ የተባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ከዚራ የተባለውን ሰፈር በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ቀየሰው። ከአሸዋው ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ነጋዴውና እንግዳው እንዳመቸው እየቀጠለው ሰፋ። ቀፊራ የመጋላ ገበያ ነው። ማለዳ በቅስት በተሠራው በሩ በኩል የገባ ሰው ከገጠሩ ቀበሌዎች ማገዶና ከሰል ጭነው የመጡ አህዮችና ግመሎች፣ አትክልት ዘርግተው የተቀመጡ ሴቶች፣ በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በሶማሊኛ ቀልዳ፣ በአማርኛ ሂሳብ የምትቀበል ነጋዴ ያያል። ሐረሪኛና ዓረብኛም ጣልቃ ይገባል። ማንም ለማንም አያስተረጉምም።

ተማሪዋ የመጣችው ግን ለሸቀጡ አይደለም። ኩንታል የሚያወርደውን ተሸካሚ፣ በረንዳ ላይ የሚያድሩትን ልጆች፣ ከሳዑዲ ተመልሳ ሻይ የምታፈላውን ሴት ፍለጋ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ምሥራቁ አገር ደግሞ በጅቡቲና በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የሚወጣው መንገድ መነሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት የተፈናቀሉ ሰዎችም ድሬ ላይ ተጠልለው ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቆም የከሰሩም አሉ፤ ከጅቡቲ መስመር ጨርቅና ዘይት በጥቂት በጥቂቱ እያመላለሱ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ብዙ ነበሩ። አዲሱ ባቡር በ2010 ሥራ ሲጀምር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተተከለ፤ የእነሱን ንግድ ግን ይዞ አልተመለሰም። እነዚህን ሁሉ «የተገለሉ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መጻፍ ለርዕስ ያመቻል። ቀፊራ ውስጥ ግን ተሸካሚው ራሱን የተገለለ አይልም። ገበያው ያለ እሱ እንደማይንቀሳቀስ ከማንም በላይ ያውቃል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ማንን እንደምትጠይቅ መወሰኑ ላይ ይገጥማታል። በትምህርት ክፍል የተማረችው ዘዴ ንጹሕ ነው፤ ከቀበሌ የቤት ቁጥር ዝርዝር ይወሰዳል፣ በየስንት ቤቱ አንድ እንደሚመረጥ ይሰላል፣ ቤት ለቤት ይኬዳል። በዚህ ዘዴ አገራችን ውስጥ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የተባሉት ከባድ ሕመሞች በገጠሪቱ ኢትዮጵያም እንደሌላው ዓለም እንዳሉ፣ ከታማሚዎቹም አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ የታወቀው በዚያ ልፋት ነው። ቀፊራ ላይ ግን ተማሪዋ የምትፈልገው ሰው የቤት ቁጥር የለውም። በደባልነት የሚያድረው ቀን ቤት አይገኝም። የቤት ሠራተኛዋ ቤት አለች፤ በሩን የሚከፍቱት እመቤቲቱ ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም። በረንዳው ላይ የሚተኛው ልጅ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። አገሪቱ ራሷ ሕዝብ የቆጠረችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ድሬዳዋ 341,834 ሰው ነበራት። በዚያ ቁጥር ላይ የሚቆም ናሙና ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ በግምት ይሸፍነዋል።

ከዝርዝሩ የሚወድቁት ሰዎች ምን ያህል ከሌላው እንደሚለዩ ለማወቅ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 217 ጎዳና አዳሪ አዋቂዎችን መረመረ። ከአሥሩ ዘጠኙ የአእምሮ ሕመም ወይም ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። 41 በመቶዎቹ ሳይኮሲስ ነበረባቸው፤ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሁሉም ያሴርብኛል ብሎ ማመን፣ ከእውነታው ጋር መፋታት ማለት ነው። ከእነዚህ ታማሚዎች ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት አሥር በመቶው ብቻ ናቸው። ቡታጅራ ላይ ስኪዞፍሬኒያ የተገኘው ከሺህ ሰው በአምስት ገደማ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለሳይንስ ልክ አይደለም፤ የተለኩት ነገሮች አንድ አይደሉም፣ ሕዝቡም አንድ አይደለም። ያም ሆኖ ልዩነቱ የሚያሳየው ግልጽ ነው። ቤት ለቤት የሚሄድ ጥናት ከዝርዝሩ የሚያስቀረው በጣም የታመሙትን ነው።

ደግሞ ሰው ተገኝቶም ሕመሙ ላይገኝ ይችላል። ለዚህ የቦረናውን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በከፊል ዘላን በሆነው የቦረና ማኅበረሰብ ውስጥ በዓለም አቀፍ መጠይቅ ሰዎች ተመርምረው አንድም የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ አልተገኘም። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ከብት እየጠበቀ፣ በገዳ ሥርዓት ታቅፎ የሚኖር ሕዝብ እብደትን አያውቅም ብሎ መጽሐፍ መጻፍ ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን አልተዋጠላቸውም። ተመልሰው ሄዱና የአገር ሽማግሌዎችን ሰብስበው መጀመሪያ እናንተ አእምሮው ተነካ የምትሉት ምን የሚያደርገውን ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሰውስ የት አለ ብለው ጠየቁ። ታማሚዎቹ ተገኙ። ይህ ሁለተኛው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም ትልቁ ግኝቱ ስለ ቦረና ሳይሆን ስለ መጠይቅ ነበር ማለት ይቻላል። እንግዳ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ «ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለህ?» ሲል ቤተሰብ የሚደብቀውን፣ ሽማግሌ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ስም ጠርቶ ይናገረዋል።

ስለዚህ ተማሪያችን ቀፊራ ስትደርስ መጀመሪያ መፈለግ ያለባት ሰው አምስተኛው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ተጠያቂ አይደለም። የገበያው ዘበኛ አለ፤ ማን የት እንደሚያድር፣ ማን ሌሊት እንደሚጮህ ያውቃል። ሻይ የምታፈላዋ ማን ሦስት ቀን ሳይበላ እንደቆየ፣ ማን ገንዘቡን እንደሚቀድ ታውቃለች። የተሸካሚዎቹ አለቃ አለ። ቁርአን የሚቀሩት ሼኽ አሉ፤ ቤተሰብ ሆስፒታል ከማሰቡ በፊት ልጁን የሚወስደው ወደ እሳቸው፣ ወይም ወደ ጠበል ነው። እነዚህን ሰዎች «ባህላዊ» ብሎ ወደ ጎን ማለት በትምህርት ቤት የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ሕመምተኛ የማወቅ ልምዳቸው ከማንኛውም አዲስ ተመራቂ ይበልጣል።

አሁን ሰውየው ተገኘ እንበል። መጠይቁ ይወጣል። በኢትዮጵያ ተማሪዎች እጅ በብዛት የሚዞረው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት 30 ቀናት ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሱዳን፣ በሕንድ፣ በኮሎምቢያና በፊሊፒንስ ጤና ጣቢያዎች ተፈተነ። ሐኪም በሌለበት ቦታ ማንም የሠለጠነ ሰው አንብቦ እንዲሞላው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እንደ መሣሪያ አከብረዋለሁ። በቀፊራ በረንዳ ላይ ሲነበብ ግን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል።

«የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል?»

«ፍላጎቱማ አለ። የጠፋው ምግቡ ነው።»

«እንቅልፍ ይነሳሃል?»

«እንቅልፍ የሚነሳኝ ዘበኛው ነው። ሌሊት ከበረንዳው ያባርረናል።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል?»

«አቦ፣ ኩንታል አውርዶ የማይንቀጠቀጥ እጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ተማሪዋ ፈገግ ብላ ሦስቱንም «አዎ» ላይ ታከብባለች። ምን ታድርግ፣ ወረቀቱ ሌላ ቦታ የለውም። ቶሎ ይደክምሃል፣ ሆድህን ይረብሽሃል፣ ሁልጊዜ ድካም ይሰማሃል የሚሉትም እየተከተሉ ይመጣሉ። ድሃ፣ የተራበ፣ ከባድ ሸክም የሚሸከም ሰው ገና ስለ ኀዘኑና ስለ ፍርሃቱ ሳይጠየቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። «የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው ይህን ያህል በመቶ» የሚለው ቁጥር ውስጥ ረኀብ ስንት፣ ሸክም ስንት፣ ሕመም ስንት እንደሆነ ኮምፒውተሩ አይለይላትም። የሚለየው ተጠያቂው ሲመልስ «ለምን?» ብሎ ከወረቀቱ ጎን የጻፈ ጠያቂ ነው።

እዚህ ላይ ጫት ይገባል። ሌላ ከተማ ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው ነበር፤ ድሬ ላይ ግን ጫቱን ያላየ ጥናት ምንም አላየም።

ረፋዱ ላይ የአወዳይ ጫት ይገባል። ከዚያ በፊት ቀፊራ ሌላ ገበያ ናት፤ የሚቅመው ሰው ሐራራ ላይ ነው፣ ነገር አይጥመውም፣ ቁጡ ነው። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ሙቀቱም ለሥራ አይመችም፣ በርጫው፣ ተቀምጦ መቃሙ፣ ይጀመራል። ከሰዓት በኋላ ምርቃና ነው፤ ሰውየው ቤት ሠርቷል፣ ልጁን ውጭ አገር ልኳል፣ ለጠያቂዋም ወንበር ይፈልግላታል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ዝም ይላል፤ ገንዘብ ያለው ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል፣ ጨብሲ ይመታል። የሌለው ተኝቶ ዱካክ፣ የጫት ቅዠት፣ ይጫወትበታል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ፍርሃት፣ የማሰብ ችግር፤ መጠይቁ ካነሳቸው ውስጥ ጫቱ በአንድ ቀን ውስጥ የማይነካው ጥቂት ነው። ተማሪዋ አንዱን ተሸካሚ በሦስት ሰዓት፣ ሌላውን በዘጠኝ ሰዓት ከጠየቀች ሁለት ሰዎችን አላወዳደረችም፤ ሁለት ሰዓቶችን ነው ያወዳደረችው። መጠይቁ ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ። «የተጠየቀበት ሰዓት» እና «ለመጨረሻ ጊዜ የቃመው መቼ ነው» የሚል መስመር ግን ካልጨመረችው የለም።

ጫትን በሽታ ብሎ መፈረጅም ልክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከአሥር ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሾቹ እንደሚቅሙ፣ ከሚቅሙትም አብዛኞቹ ለጸሎት ልባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ አገኘ። በሌላ በኩል በሐርጌሳ ከአራት ሺህ በላይ ሰው ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት ከልጅነታቸው የጀመሩትና ብዙ የሚቅሙት ወንዶች ላይ ከሳይኮሲስ ጋር ጥብቅ ዝምድና አሳይቷል። ሁለቱም እውነት ነው። የቀፊራው ልጅ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ገራባ፣ ማለትም ሌሎች ቀጥፈው የጣሉትን ቅጠልና እንጨት፣ ከፍየሎቹ ጋር ተሻምቶ የሚለቅመው ረኀቡን ስለሚያስታግስለት፣ በረንዳ ላይ ተኝቶ ከመዘረፍ ነቅቶ ማደር ስለሚሻለው ነው። «ሱስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ያ ምልክት ግን የተሸፈነ ማደሪያ ባገኘ ማግሥት ሊጠፋ የሚችል ሱስና ሊጠፋ የማይችለውን አይለይም።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ በአማካሪዎች ዘንድ ብዙም ሲነሳ አልሰማም። ወረቀት ይዞ ቀፊራ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ምዝገባ ነው?» የተፈናቀለው ተመዝግቦ ስንዴ አግኝቷል፣ ተመላሿ ተመዝግባ የመቋቋሚያ ገንዘብ ተስፋ ተሰጥቷታል፣ ጎዳና አዳሪው ተመዝግቦ አንዴ ልብስ ተሰጥቶታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በአፈሳ መኪና ተጭኗል። ስለዚህ እርዳታ የሚጠብቀው ተጠያቂ ለሁሉም «አዎ» ይላል፤ የባሰበት ቶሎ ይረዳል ብሎ ያስባል፣ ያሰበውም ከልምዱ ተነስቶ ነው። አፈሳውን የሚፈራው ለሁሉም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይሄዳል። የስምምነት ቅጹ ላይ «በጥናቱ በመሳተፍዎ ቀጥተኛ ጥቅም አያገኙም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ የተጻፈውም በአንቱታ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ አንቱታ ብዙ ገበያ የለውም፤ ሽማግሌውንም አንተ ብሎ የሚያጫውት ከተማ ነው። በዚያ መሐል «እርስዎ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰውየው ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠ ይመስለዋል። ቅጹን አንብቦ ከማስፈረም በፊት ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብሎ ሻይ እየጠጡ መታየት፣ ማን እንደሆኑ በዘበኛውና በሻይ ሻጯ በኩል ማስወራት የበለጠ ፈቃድ ያስገኛል። ለዚህ የሚሆን ቀን በተማሪ የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ ተይዞ አላየሁም።

ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ጎዳናው ነው ያሳመመው ወይስ የታመመው ነው ወደ ጎዳና የወረደው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ፋሪስና ደንሃም የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሶሺዮሎጂስቶች ሆስፒታል የገቡ ታማሚዎችን አድራሻ በካርታ ላይ አስፍረው ስኪዞፍሬኒያ በከተማዋ መሐል ባሉ ድሃ፣ ኪራይ በሚበዛባቸው ሰፈሮች እንደሚከማች አሳዩ። እነሱ ብቸኝነቱና ትርምሱ ነው ያሳመመው አሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ሰው ሲታመም ሥራውን ያጣል፣ ቤተሰቡን ያጣል፣ ርካሽ ወደሆነው ሰፈር ይንሸራተታል ብለው መለሱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት መልሱም ይለያያል። ለተማሪያችን የሚጠቅማት የምታወዳድረውን ሰው በጥንቃቄ መምረጥ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ይህን በሚያምር ሁኔታ አድርጎታል። የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ከጤናማ ሰው ጋር አላወዳደረም፤ እዚያው ለሌላ የቆዳ ሕመም ከመጡ ሰዎች ጋር ነው። ጭንቀት የተገኘው በሥጋ ደዌ ታማሚዎቹ ላይ በ52.4 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ በ7.9 በመቶ ነበር። ሁለቱም ወገን ቆዳው ታሟል፣ ሁለቱም ሐኪም ፊት ቀርቧል። የሥጋ ደዌው ወገን ግን ነርቭና አካል በሚጎዳ ሕመም ላይ ጎረቤት የሚሸሸውን ስም ተሸክሟል፤ ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ መፈለግ ያለብን እዚያ ይመስለኛል። ቀፊራ ላይ ተመሳሳዩ ንጽጽር በረንዳ የሚያድረውን ተሸካሚ ከሱቅ ነጋዴው ጋር ሳይሆን ማታ ገንደ ቆሬ ሰፈር ቤቱ ከሚገባው ተሸካሚ ጋር ማቆም ይሆናል። ኩንታሉ አንድ ነው፣ ጫቱም አንድ ነው። የሚለየው ጣሪያውና ጣሪያው ሥር የሚጠብቀው ሰው ነው።

የ30 ቀኑ ጥያቄ የማይደርስበትም አለ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ መጣ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው፣ ሰው የሚነግድበትና ዳሩ ላይ የሚተኛበት ወንዝ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። በጣም የተጎዱት ከአሸዋው አጠገብ፣ በርካሹ መሬት ላይ የሰፈሩት ነበሩ። ዛሬ በክረምት ደመና ሲጠቁር የማይተኛ ሰው መጋላ ውስጥ ብታገኝ ተማሪዋ ልትደነቅ አይገባም፤ ጥያቄ ቁጥር 3 ላይ «አዎ» ብሎ አልፏል፣ ጎርፉን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከ20ው ሁሉ ከባዱ ቁጥር 17 ነው። ሕይወትህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ይላል። ተማሪዎች ፈጥነው ያነቡታል፤ አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ሰው «አዎ» ሲል ወረቀቱ ወደ 18 ይሻገራል። ጠያቂዋ መሻገር አትችልም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ ይዘራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። መልሱን ሰምቶ ዝም ማለት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛሏን ሲያይ «አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ወደ ሕክምና ይላካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ ሁሉም ፕሮፖዛል ላይ አለ። ወዴት ነው የሚላከው? በማን? በምን ገንዘብ?

ድሬዳዋ ከብዙ ከተሞች ይሻላታል፤ በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ የተከፈተው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከሐረርጌ ታማሚ ይዞ የሚሄድ ዘመድ ቀናት ይፈጅበት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ነበሩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክፍተቱን ሞልተው ቆዩ። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ ነው። በጉራጌ ዞን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ ገሚሶቹን በአእምሮ ሕክምና ነርሶች፣ ገሚሶቹን አጭር ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች አሳከማቸው። ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታማሚዎች ከሌሎቹ ያነሰ አልሆነላቸውም። ይህ ለቀፊራ ሰው ትልቅ ወሬ ነው፤ ሥራውን ሳይጥል ደርሶ መመለስ ይችላል ማለት ነውና። ጤና ጣቢያው ጠዋት መድኃኒቱ ካለው፣ ሰውየውም ከሐራራውና ከበርጫው መሐል ባለችው ሰዓት ከተገኘ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቃል፤ «አስታማሚው ማነው?» መድኃኒቱን የሚያስውጥ፣ የቀጠሮ ቀን የሚያስታውስ፣ ሲብስበት የሚጠራ ሰው ይፈለጋል። በረንዳ የሚያድር ሰው ካርዱ ላይ የሚጻፍ ዘመድ የለውም። እድሩም፣ አፎሻውም ቤት ላለው ነው። አብሮት የሚሄደው ሌላው ተሸካሚ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ቀን ኩንታል ካልተሸከመ አይበላም። ስለዚህ ተማሪዋ በጀቷ ላይ ለወረቀት ማባዣ፣ ለባጃጅ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ከያዘችው በታች አንድ መስመር መጨመር አለባት፤ የአስታማሚ የቀን ሂሳብ፣ አንድ ተሸካሚ ቀፊራ ላይ በቀን የሚያገኘውን ያህል፣ ለመጀመሪያው ቀንና ለሁለተኛው ቀጠሮ።